ሕጉ ያላሰበው ሲመጣ፦ የቅርጫት ኳስ ዳኛና ያልተለመዱ ውሳኔዎች

የቅርጫት ኳስ ዳኛ በየጨዋታው የሚወስናቸው ነገሮች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ተጫዋቹ ሳያነጥር ተራምዷል፤ ተከላካዩ የተኳሹን ክንድ መትቷል፤ ኳሷ መስመር አልፋለች። የሠለጠነ ዳኛ ለእነዚህ ብዙ አያስብም፤ ዓይኑ እንዳየ ፊሽካው ይነፋል፣ እጁ ምልክቱን ያሳያል። ችሎታው የሚለየው አልፎ አልፎ ብቻ በሚመጣው ነገር ነው። ኳሷ በሪንጉና በሰሌዳው መካከል ተሰክታ ትቀራለች፣ ተጫዋች በገዛ ቅርጫቱ ያስቆጥራል፣ አንድ ቡድን ስድስት ሆኖ ሲጫወት ቆይቶ ይደረስበታል፣ ሰዓቱ በመጨረሻዋ ሰከንድ ይበላሻል። ያኔ ተጫዋቹም፣ አሠልጣኙም፣ ተመልካቹም ፊታቸውን ወደ ዳኛው ያዞራሉ፤ መልሱንም ወዲያው ይፈልጋሉ።

ጨዋታው ሲወለድ ሕጉ አጭር ነበር። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲፈጥር የጻፋቸው ደንቦች 13 ብቻ ነበሩ። የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊባ፣ ዛሬ የሚያሳትመው የሕግ መጽሐፍ 50 አንቀጾች አሉት። ከእሱ ጎን ደግሞ «እንዲህ ቢሆንስ?» ለሚሉ ጥያቄዎች በምሳሌ መልስ የሚሰጥ ራሱን የቻለ የማብራሪያ መጽሐፍ አለ። ሁለቱንም አጥንቶ የጨረሰ ዳኛ እንኳ ያልተጻፈ ነገር ይገጥመዋል። ይህን የተረዱት የሕጉ አዘጋጆች ዳኛ ሲወስን ምን ምን ማመዛዘን እንዳለበት አስፍረዋል፦ የሕጉን መንፈስና ዓላማ፣ ድርጊቱ ለአንዱ ወገን ያልተገባ ጥቅም መስጠት አለመስጠቱን፣ ጨዋታውን በመቆጣጠርና ሳይቆራረጥ እንዲፈስ በመተው መካከል ያለውን ሚዛን፣ ከሁሉም ጋር ደግሞ ጤናማ አስተሳሰብን።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ይህ ጉዳይ ክብደት አለው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ እንደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል፣ ወጣቱ ቅርጫት ኳስን የሚተዋወቀው በትምህርት ቤት ግቢ፣ ጣሪያ በሌለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ግን በሐሳባቸው የሳሉት ብርሃን የሞላበት አዳራሽ፣ የሰከንድ አሥረኛ የሚቆጥር ሰዓትና ቢያንስ ሁለት ዳኞች ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችውና ዝናብ በማያጣት እንጅባራ የሚዳኝ የስፖርት መምህር ያንኑ ሕግ ሲተገብር፣ በከተማ አዳራሽ የማይታሰቡ ጥያቄዎች ይመጡበታል። ለዚህም ነው ያልተለመዱ ሁኔታዎችን ማወቅ ለገጠርና ለትንሽ ከተማ ዳኛ ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ከፊሽካው በፊት

የዳኛ ሥልጣን የሚጀምረው ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚህ ጊዜ ኳሱን፣ ሪንጉን፣ ሰዓቱንና የተጫዋቾቹን አለባበስ ይመረምራል። ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ጠንካራ ነገር፣ ቀለበት፣ ሐብል፣ የእጅ አንባር ያደረገ ተጫዋች ሳያወልቅ አይገባም። ሥራው አሰልቺ ቢመስልም በኋላ የሚመጣን ትልቅ ጣጣ በእንጭጩ ያስቀራል።

መመሪያ መከበሩ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሲፈተሽ ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያውያን ከሌላ ስፖርት ያውቁታል። መስከረም 2 ቀን 2014 በተካሄደው የቪየና ማራቶን አትሌት ደራራ ሁሪሳ ቀድሞ ገብቶ ደስታውን ከገለጸ በኋላ፣ የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ድሉ ተሰርዞ ከኋላው ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ከሩጫው በፊት አንድ ሰው ጫማውን ቢያየው ኖሮ 42 ኪሎ ሜትር የተደከመበት ድካም ከንቱ ባልቀረ ነበር። የቅርጫት ኳስ ሕግ ምርመራውን ከጨዋታው በፊት ያደረገው እንዲህ ያለው ሐዘን እንዳይደርስ ነው።

ከመጀመሩ በፊት የሚነሳው ሌላው ጥያቄ የተጫዋች ብዛት ነው። ጨዋታ ለመጀመር እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አምስት ዝግጁ ተጫዋቾች ያስፈልጉታል። ከተያዘው ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎ ቡድኑ ካልቀረበ ወይም አምስት ካልሞላ በፎርፌ ይሸነፋል፤ ውጤቱም 20 ለ 0 ተብሎ ይመዘገባል። ከወረዳ ወረዳ በሚደረግ ውድድር መኪና መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ዳኛው ማዘን የሚችለው በልቡ ብቻ ነው። ጨዋታውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ የአወዳዳሪው አካል እንጂ የዳኛው ሥልጣን አይደለም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ እንግዳ ነገር ሲከሰት ጥሩ ዳኛ በመጀመሪያ ድምፁን ሳይሆን ትዝታውን ይሰበስባል። ፊሽካው ሲነፋ ኳሷ ሕያው ነበረች ወይስ የሞተች? ኳሷን የያዘው የትኛው ቡድን ነበር? ሰዓቱና ውጤቱ ስንት ነበር? የሕጉ መጽሐፍ ውስብስብ የሚመስለው እያንዳንዱ አንቀጽ የእነዚህን የአንዱን ወይም የሌላውን መልስ ስለሚጠይቅ ነው። መልሱ የጠፋበት ዳኛ ሕጉን በቃሉ ቢያውቀው እንኳ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስ አያውቅም።

ለምሳሌ ኳሷ ወደ ቅርጫቱ ተወርውራ በአየር ላይ ሳለች ዳኛው ፊሽካ ቢነፋ ብዙ ተመልካች «ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የገባ አይቆጠርም» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ከተኳሹ እጅ ወጥታ በመንገድ ላይ ያለች ኳስ በፊሽካ አትሞትም፤ ከገባች ነጥቡ ይጸድቃል። ተኳሹ ሌላ ሰው በሌላ የሜዳው ጥግ ላይ ስላጠፋው ጥፋት ሊቀጣ አይገባውም።

ኳሷ የማይጠበቅበት ቦታ ስትገኝ

ናይስሚዝ የሰቀላቸው የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ታች ስላልተቀደዱ የገባች ኳስ ሁሉ እዚያው ትቀር ነበር። ዛሬ ኳስ የምትቀረው በሪንጉና በሰሌዳው መካከል ስትሰካ ነው፤ ሪንጉ በአካባቢ ብረት ቤት በተበየደበት ሜዳ ላይ ደግሞ ክፍተቱ ልኩን ስለማይጠብቅ ይህ ይበልጥ ይደጋገማል። ውሳኔው ሳይታሰብ የሚሰጥ መሆን አለበት፦ የጃምፕ ቦል ሁኔታ ነው። ነገር ግን ሁለት ተጫዋቾች መሐል ሜዳ ሄደው አይዘሉም። ጠረጴዛው ላይ ያለው የተራ ቀስት ወደየትኛው ቡድን እንደሚያመለክት ይታያል፤ ባለተራው ቡድን ኳሷን በአቅራቢያው ካለው መስመር ውጭ ሆኖ ያስገባል፤ ቀስቱም ይገለበጣል። ኤሌክትሮኒክ ቀስት በሌለበት ከካርቶን የተቆረጠ ቀስት ይበቃል፤ ዋናው መዝጋቢው መገልበጡን አለመርሳቱ ነው። ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ተራው ሆኖ ኳሷን መልሶ ቢያገኝ፣ የማጥቂያ ሰዓቱ ወደ 24 ሳይሆን ወደ 14 ሰከንድ ይመለሳል።

መረብ የሌለው ሪንግ ሌላ ፈተና ነው። መረቡ ያረጀበት ሜዳ ላይ ኳሷ ገብታ ወጣች ወይስ አጠገቡ አለፈች የሚለው ክርክር የማያባራ ነው። ሕጉ የሚለው ሕያው ኳስ ከላይ ገብታ ውስጥ ስትቀር ወይም ሙሉ በሙሉ ስታልፍ ግብ ናት ነው። ስለዚህ ዳኛው ከሪንጉ በታች ሳይሆን ሪንጉን ከጎን በሚያይበት ማዕዘን መቆም አለበት። ከታች ወደ ላይ በቅርጫቱ ያለፈች ኳስ ግን የሕግ ጥሰት ናት፤ ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ትሰጣለች።

ጣሪያ የሌለው ሜዳ የራሱ ጣሪያ አለው፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ። በአዊ ከሰል ለማክሰል በስፋት የሚተከለው ዲከረንስ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ሜዳ ዳር ከበቀለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅርንጫፉ ከመስመሩ በላይ ይደርሳል። ከሜዳው በላይ ያለን ማንኛውንም ነገር የነካች ኳስ ከሜዳ እንደወጣች ትቆጠራለች። የሰሌዳውን ጀርባና ተሸካሚ ምሰሶውን ስትነካም እንዲሁ ነው። በመጨረሻ የነካት ቡድን ያጣታል። ቅርንጫፉ የዘወትር ችግር ከሆነ ዳኛው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለሁለቱም አሠልጣኞች ውሳኔውን ቢነግራቸው ጭቅጭቁ ከመወለዱ በፊት ያልቃል።

ኳሷ ዳኛውን ራሱን ብትመታስ? ጨዋታው አይቆምም። ዳኛ የነካች ኳስ እሱ የቆመበትን የሜዳ ክፍል እንደነካች ይቆጠራል፤ ዳኛው መስመሩ ላይ ቆሞ ከሆነ ኳሷ ወጥታለች።

በገዛ ቅርጫት ላይ

በራስ ቅርጫት ማግባት ልጆች ሲጫወቱ የተለመደ ስህተት ነው። ሳያስበው ያገባ ተጫዋች ለተቃራኒው ቡድን 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ነጥቡም ሜዳ ላይ ባለው የተቃራኒ ቡድን አምበል ስም ይመዘገባል። ሆን ብሎ ካገባ ግን ነጥቡ አይቆጠርም፤ የሕግ ጥሰት ነው። ይህ ልዩነት እንግዳ ይመስላል፤ ጀርባው ላይ ግን እውነተኛ ታሪክ አለ።

ጥር 10 ቀን 1954፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫን ለማንሳት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የስፔኑ ሪያል ማድሪድ የቅርጫት ኳስ ቡድን በጣሊያን ቫሬዜ ከተማ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ከኢኚስ ጋር ይጫወት ነበር። ውድድሩ በደርሶ መልስ የነጥብ ድምር የሚወሰን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ውጤቱ 80 ለ 80 ሆነ። የማድሪዱ አሠልጣኝ ፔድሮ ፌራንዲዝ በተዳከመ ቡድኑ ተጨማሪ ሰዓት ቢጫወት ልዩነቱ እንደሚሰፋበት አሰላ። ከእሱ በመጣው ትእዛዝ ሎሬንሶ አሎሴን ኳሷን በራሱ ቅርጫት አስገባ፤ ማድሪድ 82 ለ 80 ተሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ በሰፊ ልዩነት አሸንፎ አለፈ። በዕለቱ የነበሩት ዳኞች የሚከለክል አንቀጽ ስላልነበራቸው ግቡን ከማጽደቅ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ፊባ ቀዳዳውን የደፈነው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ዳኛ የሚማረው የሥልጣኑን ወሰን ነው። ድርጊቱ ከጨዋታው መንፈስ ጋር እንደማይሄድ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ይሁን እንጂ የገባች ኳስ ነጥብ ናት የሚለው አንቀጽ ግልጽ ሆኖ ተጽፏል። ዳኛ መንፈሱን የሚጠራው ጽሑፉ ዝም ሲል ወይም ሁለት ትርጉም ሲሰጥ ነው። ጽሑፉ በግልጽ ሲናገር ሕጉን የሚለውጠው ፌዴሬሽኑ ነው።

የሰው ስህተት

ብዙዎቹ ያልተለመዱ ሁኔታዎች ከኳሷ ሳይሆን ከሰው ይመጣሉ። በቅያሪ ግርግር መካከል አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባና ቡድኑ ስድስት ይሆናል። ሲደረስበት ዳኛው ተቃራኒ ቡድን ሊያገባ ካልተቃረበ በቀር ወዲያው ያስቆማል፤ ትርፉ ሰው ይወጣል፤ ቅያሪውን የመቆጣጠር ኃላፊነት ያለበት አሠልጣኝ ቴክኒካል ፋውል ይመዘገብበታል፤ ተቃራኒው ቡድን አንድ ነጻ ውርወራ ያገኛል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ቀጣዩ ነው፦ ስድስቱ ሆነው ያስቆጠሩት ነጥብ አይሰረዝም። ሕጉ ያለፈን ጨዋታ ወደ ኋላ ሄዶ ማፍረስን አይወድም፤ አንድ ግብ ከተሰረዘ በኋላ የተደረገው ሁሉ መሠረት ያጣልና።

በዚሁ ምክንያት ነው አምስተኛ ፋውል የሞላበት ተጫዋች በጠረጴዛው ስህተት ሳይወጣ ቀርቶ ያስቆጠረው ነጥብ የሚጸድቀው። እንደታወቀ ይወጣል፤ ስህተቱ የእሱ ስላልሆነ ተጨማሪ ቅጣት የለበትም። መሰናበቱ ተነግሮት እያወቀ የተመለሰ ግን ቴክኒካል ፋውል ያስከትላል። ከዕረፍት መልስ ሁለቱም ቡድኖች አቅጣጫ ተሳስተው ቢያጠቁስ? ዳኛው እንደነቃ ያስቆማል፤ ማንንም ሳይጎዳ አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ የተቆጠረው ነጥብ፣ ያለፈው ደቂቃና የተመዘገበው ፋውል ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል የሚፈቀድባቸው የተለዩ ስህተቶችም አሉ፦ የማይገባ ነጻ ውርወራ መስጠት፣ የሚገባውን መንፈግ፣ በሌላ ተጫዋች ማስወርወር፣ ነጥብን በስህተት ማጽደቅ ወይም መሰረዝ። እነዚህም የጊዜ ገደብ አላቸው። ከስህተቱ በኋላ ሰዓቱ መሮጥ ይጀምራል፤ ከዚያም ኳሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሞታለች፤ እንደገና ሕያው ከመሆኗ በፊት ስህተቱ ካልታወቀ በሩ ይዘጋል። አንድ ምሳሌ ቢወሰድ፣ በአንድ ሩብ ውስጥ ቡድኑ አራት ፋውል ከሞላ በኋላ ቀጣዩ ፋውል ሁለት ነጻ ውርወራ ያስገኛል። መዝጋቢው ተሳስቶ አራተኛውን አምስተኛ ብሎ ቢያስታውቅና ሁለቱም ውርወራዎች ቢገቡ፣ በገደቡ ውስጥ ከተደረሰበት ሁለቱ ነጥቦች ይሰረዛሉ። በስህተቱና በመታወቁ መካከል የተደረጉት ሌሎች ግቦችና ፋውሎች ግን እንደጸኑ ይቆያሉ። የመደመር ስህተት፣ ለምሳሌ የገባ ግብ ሳይመዘገብ መቅረት፣ ከዚህ ይለያል፤ ዋናው ዳኛ ቅጹ ላይ እስኪፈርም ድረስ በማንኛውም ጊዜ ይታረማል።

እዚህ ላይ የጠረጴዛ ዳኞች ነገር ሊነሳ ይገባል። የቪዲዮ ማያ በሌለበት ሜዳ ላይ የዳኛው ብቸኛ ማስረጃ የውጤት መመዝገቢያ ቅጹ ነው። በብዙ የትምህርት ቤት ውድድር ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው በአጋጣሚ የተገኘ ተማሪ ነው፤ ይህ መሻሻል አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ መሠልጠን ያለበት ያ ተማሪ ነው።

ጉዳት፣ ጠብ፣ የተጫዋች ማነስ

ተጫዋች ሲጎዳ ዳኛው ሁለት ነገር ያመዛዝናል። አደጋ ካለ ወዲያው ያስቆማል። ካልሆነ ኳሷን የያዘው ቡድን ማጥቃቱን እስኪጨርስ ይጠብቃል። የተጎዳው በ15 ሰከንድ ገደማ ውስጥ መቀጠል ካልቻለ ወይም እርዳታ ከተደረገለት መቀየር አለበት፤ የሚደማ ተጫዋችም ይወጣል።

ጠብ ሲነሳ ሕጉ ጥብቅ የሚሆነው ከወንበር በሚነሱት ላይ ነው። ከተጠባባቂ ወንበር አካባቢ ተነስቶ ወደ ሜዳ የገባ ሰው፣ «ላገላግል ነው» ቢልም፣ ይሰናበታል። የተፈቀደው ዳኞችን ለመርዳት ለሚገቡት ለዋናው አሠልጣኝና ለመጀመሪያ ረዳቱ ብቻ ነው። ከዳር የነበረ ሰው በጠበኞች መሐል መግባትን እንደ በጎ ተግባር በሚያይ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ አንቀጽ ለተጫዋቾች ቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ በጎ አሳቢው ልጅ ነው የሚሰናበተው።

በስንብትና በጉዳት የሳሳ ቡድን በሦስት፣ በሁለትም ሰው መቀጠል ይችላል። ሁለት ካልሞላ ግን ጨዋታው ያበቃል። ተቃራኒው ቡድን እየመራ ከነበረ ውጤቱ እንዳለ ይጸድቃል፤ ካልመራ 2 ለ 0 እንዳሸነፈ ይመዘገባል።

ሕጉ ዝም ሲል

በእንጅባራ ሜዳ ላይ ጨዋታው እየጋለ ሳለ ውሻ ወይም ጥጃ ቢገባ የትኛው አንቀጽ ይጠቀሳል? ስለ ጥጃ የሚያወራ የለም። ለዚህ የሚያገለግለው ስለ ዋናው ዳኛ ሥልጣን የሚዘረዝረው ክፍል ነው፤ በሕጉ በግልጽ ባልተሸፈነ ማንኛውም ነጥብ ላይ የመወሰን ሥልጣን ለእሱ ተሰጥቷል። ሥልጣኑ ሰፊ ስለሆነ ጥሩ ዳኛ የሚጠቀምበት በጠባቡ ነው። ጨዋታውን ያስቆማል፤ ሜዳው እስኪጸዳ ይጠብቃል፤ ኳሷን ለያዘው ቡድን ከተቋረጠበት አቅራቢያ መልሶ ይሰጣል። ዓላማው ጥጃው ባይገባ ኖሮ ወደሚኖረው ሁኔታ መመለስ ነው። «ያኔ ሊያገባ ነበር» ብሎ ነጥብ መስጠት ግን ከሥልጣኑ ውጭ ነው፤ ያልገባች ኳስ በግምት አትገባም። ኳሷ በሻካራው ሲሚንቶ ላይ ተበስታ አየር ብታጣም አሠራሩ ይኸው ነው።

ዝናብ ከዚህ ይከብዳል፤ ደጋግሞ የሚመጣ ነውና። ዋናው ዳኛ ሁኔታው ሲያስገድድ ጨዋታ የማቆም ሥልጣን አለው፤ የረጠበ ሲሚንቶ ላይ የሚዘል ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ወይም ጉልበቱን ሊያጣ ስለሚችል ይህን ለመጠቀም ማመንታት የለበትም። ሲያቆም ግን ሥራው አላለቀም። ሩቡን፣ የቀረውን ደቂቃና ሰከንድ፣ ውጤቱን፣ የቡድንና የተጫዋች ፋውሎችን፣ የቀረውን የዕረፍት ጥሪ፣ ኳሷ የማን እንደነበረችና ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት በቅጹ ላይ ያሰፍራል። ዝናቡ ካባራ ጨዋታው ከዚያችው ነጥብ ይቀጥላል። ካላባራ በሌላ ቀን ይቀጥል፣ እንደገና ይጀመር ወይስ ውጤቱ ይጽና የሚለውን የሚወስነው በውድድሩ ደንብ መሠረት አወዳዳሪው አካል ነው። የአዊ ውድድር አዘጋጆች ይህን በደንባቸው ቀድመው ቢያሰፍሩ በክረምት መግቢያ የሚነሳ ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሰዓት ነው። የሰከንድ አሥረኛ በሚያሳይ ሰዓት 0.3 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ተጫዋች ከውጭ የገባችለትን ኳስ ይዞ መወርወር ይችላል። 0.2 ወይም 0.1 ከቀረ ግን ይዞ ለመወርወር ጊዜ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ግብ የሚጸድቀው በአየር ላይ እንዳለች ነክቶ ሲያስገባት ወይም በቀጥታ ደንክ ሲያደርጋት ብቻ ነው። በእጅ ሰዓት በሚመራ ጨዋታ ይህን መለካት አይቻልም፤ ዳኞቹ ተመካክረው፣ ሰዓት ያዡንም ጠይቀው፣ ዋናው ዳኛ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል።

ሦስት ሰከንድ ምን ያህል ልትረዝም እንደምትችል የሙኒክ ኦሊምፒክ አሳይቷል። ጨዋታው ያለቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1972 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር፤ በኢትዮጵያ የ1965 አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ባገኘበት ዕለት ማለት ነው። በፍጻሜው ሶቭየት ኅብረት 49 ለ 48 እየመራች ሦስት ሰከንድ ሲቀር አሜሪካዊው ደግ ኮሊንስ ላይ ፋውል ተሠራበት። ሁለቱንም ነጻ ውርወራ አገባ፤ አሜሪካ 50 ለ 49 መራች። በሁለተኛው ውርወራ ጊዜ ከጠረጴዛው ቀንደ መለከት ተሰማ፤ ሶቭየቶች የዕረፍት ጥሪ ጠይቀን ነበር አሉ። ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ሰከንድ ሲቀር በጠረጴዛው ዙሪያ በተነሳው ግርግር ተቋረጠ። የፊባ ዋና ጸሐፊ ዊልያም ጆንስ ከመቀመጫቸው ወርደው ሰዓቱ ወደ ሦስት ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ፤ ሕጉ በሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጣቸውም። ኳሷ ድጋሚ ስትገባ ሰዓቱ ገና አልተስተካከለም ነበር፤ መለከቱ ተነፋና አሜሪካውያን መጨፈር ጀመሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሁሉም ተመለሱ። ኢቫን ኤዴሽኮ ኳሷን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረወራት፤ አሌክሳንደር ቤሎቭ ተቀብሎ አገባ፤ 51 ለ 50። አሜሪካ ከዚያ በፊት በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ ተሸንፋ አታውቅም።

የዋናው ዳኛ የብራዚላዊው ሬናቶ ሪጌቶ ፊርማ በውጤት ቅጹ ላይ አላረፈም፤ አልፈርምም አሉ። አምስት አባላት ያሉት የይግባኝ ጉባኤ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ውጤቱን አጸና። አሜሪካውያኑ የብር ሜዳሊያውን አልተቀበሉም። በዚያ ሌሊት የተበላሸው ሰዓቱ ብቻ አልነበረም፤ የሚወስነው ማን እንደሆነ ግልጽነቱ ጠፋ። ዳኞቹ ገና ከመጀመሪያው ግርግር ጠረጴዛውን ለብቻ ጠርተው የቀረውን ጊዜ ቢያጣሩና ከውጭ የመጣውን ትእዛዝ ባይቀበሉ ኖሮ ጨዋታው በማንም ይለቅ በማን፣ ሦስት ጊዜ አይጀመርም ነበር። የክልል ባለሥልጣን ወይም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ከዳር ሆኖ «ሰዓቱን መልሱ» ሲል የሚሰማ ዳኛም እዚያው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል።

ክስና ፊርማ

የተከፋ ቡድን ክስ ማስያዝ ይችላል፤ ግን በሁሉ ነገር አይደለም። ፊባ የሚቀበለው ዳኞች ሳያርሙት የቀረ የነጥብ፣ የሰዓት ወይም የማጥቂያ ሰዓት ስህተት፣ ጨዋታን በፎርፌ የመዝጋት፣ የመሰረዝ፣ የማራዘም ወይም ያለመቀጠል ውሳኔ፣ እንዲሁም የማይገባው ተጫዋች መሰለፉ ሲሆን ነው። «ያ ፋውል አልነበረም» የሚል ክስ ተቀባይ የለውም። አምበሉ ጨዋታው ባለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል።

ክስ በሥርዓቱ ሲቀርብ ፍሬ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ያስታውሳል። እቴነሽ ዲሮ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተጋጭታ የአንድ እግሯ ጫማ ተጎዳ፤ አውልቃ ጥላው በአንድ እግሯ ባዶ ሮጣ ሰባተኛ ወጣች። ለፍጻሜ የሚያበቃ ደረጃ አልነበረም። አቤቱታው ታይቶ በግጭቱ ከተጎዱ ሌሎች ሁለት ሯጮች ጋር ለፍጻሜ እንድትሰለፍ ተፈቀደላት። ማጣሪያው እንደገና አልተሮጠም፤ ያለፉትም አልተባረሩም፤ ለተጎዱት ቦታ ተጨመረ። በቅርጫት ኳስ ሁለት ቡድን ብቻ ስላለ እንዲህ ያለ ሰፊ መፍትሔ የለም፤ ለአንዱ የተሰጠ ሁሉ ከሌላው ይወሰዳል። ሜዳ ላይ ያለው ውሳኔ ትክክል መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላና ቅጹ ከመፈረሙ በፊት ስድብ፣ ዛቻ ወይም ጠብ ቢፈጠር ዋናው ዳኛ በዚያው ቅጽ ላይ መከሰቱን ይጽፋል፤ ዝርዝር ሪፖርትም ለአወዳዳሪው አካል ይልካል። የተቋረጠ፣ በክስ የተያዘ ወይም እንግዳ ነገር የገጠመው ጨዋታ ከሆነ ሪፖርቱ የሚጻፈው ትዝታው ሳይደበዝዝ በዚያው ዕለት ነው፤ ሩቡ፣ ደቂቃው፣ ውጤቱ፣ የተሰጠው ውሳኔና የተመሠረተበት አንቀጽ ይገለጽበታል። ሰዓት ያዡና መዝጋቢው ቀድመው ይፈርማሉ፣ ረዳት ዳኛው ይከተላል፣ ዋናው ዳኛ በመጨረሻ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ዳኞቹ ከጨዋታው ጋር ያላቸው ግንኙነት በሕግ ያበቃል።